የቅዳሜ ማታ ካርታ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ወር ቅዳሜ ማታ ቤታችን ስለምንጫወተው ፖከር ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ጥያቄ የሚልክልኝ ሰው ጠፋ። የሚመጣው ሁሉ የካርታ ጠብ ነው። ወንድም ከወንድም፣ አማች ከአማች፣ ተማሪ ከዶርም ጓደኛው። አንዳንዱ ደብዳቤ ልብ ይነካል። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ እንዳለ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ለአዲስ አንባቢ ትንሽ ልበል። ቤታችን ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። ቅዳሜ ማታ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው እንሰበሰባለን። የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል። አምስት ካርታ ደግሞ መሐል ላይ ይገለጣል። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ያገኘ ያሸንፋል። ብር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ የምንጫወተው በቆርኪ ነው። የለስላሳ ቆርኪ 1፣ የቢራ 5፣ የአምቦ ውሃ 20። ለእራቱ ሁላችንም እኩል እናዋጣለን። ቆርኪ የጨረሰ ሰው በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ገዝቶ ይመጣል። ቅጣቱ ይኸው ነው።

ቃሎቻችንንም ልንገራችሁ። «አለፍኩ» ማለት ሳይከፍሉ ተራን ማሳለፍ ነው። «አየሁ» የተባለውን ያህል መክፈል ነው። «ጨመርኩ» ከዚያ በላይ መሄድ፣ «ወጣሁ» ደግሞ ካርታን ጥሎ መተው ነው። አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

*

«ቲቸር፣ አቶቴ ነው የምንኖረው። ባለፈው ቅዳሜ እኔ 20 ስል ታናሽ ወንድሜ ‹ሃያህን አየሁ› አለና ቆርኪውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ‹አርባ ደግሞ ጨመርኩ› አለ። አይቻልም አልኩት። እሱ ፊልም ላይ እንደዚህ ነው የሚሉት ይላል። ማን ነው ልክ?»

ልክ አንተ ነህ። ወንድምህ አይቷል፤ አልጨመረም። አርባው ይመለስለት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። በተራው የተናገረ ሰው የተናገረው ይያዝበታል። «አየሁ» ካለ በቃ፣ አየ። ፊልም ላይ ግን ያምራል፤ ለዚህ ነው ሰው የሚለምደው።

ምክንያቱን በደንብ አስረዳው፤ አለበለዚያ ሕጉ ግትርነት ይመስለዋል። ችግሩ ያለው በሁለቱ ቃሎች መሐል ባለችው ትንሽ ጊዜ ላይ ነው። ሃያው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አንተ የሆነ ነገር ሆነሃል። ትንፋሽህን ለቀህ ይሆናል። ካርታህን ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ይሆናል። እሱ ያንን አይቶ ነው አርባውን ያመጣው። አንተ ግን የእሱን ፊት ለማየት እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘህም። በትልልቅ የጨዋታ አዳራሾች ይህ በእንግሊዝኛ «ስትሪንግ ቤት» (string bet) ይባላል፤ እዚያም አይፈቀድም።

መጨመር ከፈለገ መንገዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ «ጨመርኩ» ይበል። ያቺን ቃል ካስቀደመ በኋላ ቆርኪውን ተረጋግቶ ይቁጠር። ወይም ምንም ሳይናገር ስልሳውን በአንድ ጊዜ ወደፊት ይግፋ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጠብ አለ፤ ሳትጠይቀኝ ልጨምርልህ። 5 ተብሎ ሳለ አንድ ሰው ምንም ሳይናገር አንድ የ20 ቆርኪ ቢወረውር፣ አየ እንጂ አልጨመረም። 15ቱ መልሱ ነው። እኛ ቤት ይህን ሕግ ደብተር ላይ ያሰፈርነው ከመጥፎ ማታ በኋላ ነው። ጎረቤታችን ዝርዝር አልነበራቸውም። ሃያ ወረወሩ። ቀጥሎ ያለው ልጅ ጭማሪ መስሎት ካርታውን ጣለ። ያሸነፈው ካርታ የእሱ ነበር። እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ተከራከርን። ልጁ ወር ሙሉ አልመጣም። ያ ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

*

«የምንጫወተው እኔ ቤት፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ጭቅጭቅ ሲነሳ ባለቤቱ እኔ ስለሆንኩ እኔ እወስናለሁ። ባለፈው ግን ካርታ እንደያዝክ ለራስህ ፈረድክ ብለው ሦስቱ ተነስተው ሄዱ። ሕጉ እኮ ከእኔ ጋር ነበር። ምን ላድርግ?»

ሕጉ ካንተ ጋር እንደነበር አምንሃለሁ ወንድሜ። ግን መፍረድ አልነበረብህም። ተከራካሪም ዳኛም መሆን አይቻልም። ትክክል የፈረድክ ቢሆንም እንኳ ሦስቱ ሰዎች ያዩት ቆርኪው ወደ አንተ ሲሄድ ነው።

እኛ ቤት የሚፈርደው በዚያ ዙር ካርታውን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ሁለት ሦስት ሰው ከወጣ መጀመሪያ የወጣው ይፈርዳል። ማን ቢያሸንፍ እሱን የሚጎዳውም የሚጠቅመውም የለም። ዕድሜ አይታይም። የ17 ዓመት የእህቴ ልጅ በባለቤቴ ላይ ፈርዳ ታውቃለች፤ ባለቤቴም ተቀብሎ ቆርኪውን ገፍቷል።

አፈራረዱን ደግሞ ከዚሁ ከአገራችን እንማር። እኔ ሐዋሳ የመጣሁት ለሥራ ነው፤ አፊኒን ያወቅሁት ከሲዳማ ጎረቤቶቼ ነው። ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ ተናጋሪው «አፊኒ?» ብሎ ይጀምራል። ሰማችሁ ወይ፣ አወቃችሁ ወይ እንደማለት ነው። ነገሩ ከሁሉም አቅጣጫ ሳይሰማ ፍርድ የለም። አንድ ቀን አጥር ላይ በተነሳ ክርክር ተቀምጬ ሳዳምጥ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አንዲት ቃል አላስገባም። ቅዳሜ ማታ ይህንኑ ጠረጴዛችን ላይ አመጣሁት።

እንዲህ ነው የምናደርገው። ክርክር ሲነሳ ሁሉም እጁን ከጠረጴዛው ያነሳል። ካርታው፣ ቆርኪው፣ የተጣለው፣ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ይህን ካላደረጋችሁ ማስረጃው በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ከዚያ የሚከራከሩት ሁለቱ በየተራ ይናገራሉ። ማንም አያቋርጥም። ፈራጁ ስለ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ተራው የማን ነበር? ምን ተባለ? ቆርኪው የት ነበር? ከዚያ ይወስናል፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ውሳኔው ቢሳሳትስ? ለዚያች ማታ ይጸናል። ቡና ሲፈላ እንነጋገርበታለን፤ ከተስማማን ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ይሠራል። ወደ ኋላ ግን አይመለስም። ደብተራችን ባለ 50 ሉክ ነው፤ ገና ሩቡም አልሞላም።

ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አይርቁም። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፖከር ውድድር ዳኞች ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የጨዋታ ቤት የየራሱ ሕግ ስለነበረው ከከተማ ከተማ የሚሄዱ ተጫዋቾች ይጋጩ ነበር። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሕግ ስለ ካርታ አይደለም። ዳኛው ሲወስን ከሁሉ በፊት የጨዋታውን ደህንነትና ፍትሐዊነት ያስብ ይላል። ያልተለመደ ነገር ሲገጥመውም ለፍትሕ ሲባል ከተጻፈው ይልቅ ቅን አስተያየት ሊቀድም ይችላል። እኔም በዚህ አምናለሁ።

ሦስቱን ሰዎች ግን ደውልላቸው። «ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር» ብለህ አትጀምር። «መፍረድ አልነበረብኝም» በላቸው።

*

«አዳማ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ፍላሽ ነው ወይስ ፉል ሃውስ የሚበልጠው? ሁሌም ፉል ሃውስ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ግን ስልኩ ላይ ፍላሽ የሚበልጥበት ጨዋታ አሳየን። ሌላው ደግሞ ሁለት ፍላሽ እኩል ሲወጣ ጦር ከልብ ይበልጣል ይላል።»

ይህን ስመልስ ደስ እያለኝ ነው፤ መቁጠር ነውና።

ከ52 ካርታ አምስት አምስቱን ስታወጡ 2,598,960 የተለያየ ስብስብ ይገኛል። ከነዚህ ውስጥ ፍላሽ፣ ማለትም አምስቱም አንድ ዓይነት ምልክት የሆኑበት፣ ቁጥራቸው ተከታታይ የሆኑትን ሳንቆጥር፣ 5,108 ነው። ፉል ሃውስ፣ ማለትም ሦስት ከአንድ ቁጥር ሁለት ከሌላ፣ 3,744 ነው። ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ስለዚህ ፉል ሃውስ።

ጓደኛችሁም አልዋሸም። ስልኩ ላይ ያለው ከ2 እስከ 5 ያሉት ካርታዎች የወጡበት፣ በ36 ካርታ የሚጫወቱት ነው። እዚያ ከእያንዳንዱ ምልክት ዘጠኝ ብቻ ስለሚቀር ፍላሽ ይከብዳል። ፍላሹ 480 ይሆናል፤ ፉል ሃውሱ 1,728። በዚያ ጨዋታ ፍላሽ ቢበልጥ ትክክል ነው። ካርታ ከመበወዛችሁ በፊት በ52 ነው በ36 ተባባሉ።

ጦርና ልብ እኩል ናቸው፤ ዳይመንድና አበባም እንዲሁ። በፖከር ምልክት ምልክትን አይበልጥም። ፍላሾቹን ከትልቁ ቁጥር ጀምራችሁ አወዳድሩ። አምስቱም ቁጥር እኩል ከሆነ ተካፈሉ። አንድ ቆርኪ ከተረፈች ካርታ ካደለው ሰው በስተግራ ቀድሞ ለተቀመጠው ትሰጣለች።

*

«ይሄም ከአዳማ ነው። ሦስት ቀርተን ነበር። እኔ 40 ብቻ ስለነበረኝ ኦል ኢን (ያለኝን በሙሉ) አልኩ። የአጎቴ ልጅ በ150 ኦል ኢን አለ። ሦስተኛው 150ውን አየ። ካርታ ሲገለጥ እኔ አሸነፍኩ። 340ው በሙሉ የእኔ ነው አልኩ። የአጎቴ ልጅ 80 ነው የሚገባሽ አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ከጅምሩ ቀሪውን 110 ከቦርሳሽ አውጥተሽ መሙላት ነበረብሽ ይላል።»

እህቴ፣ ሦስታችሁም ተሳስታችኋል። የሚገባሽ 120 ነው።

ሁለት ሳህን አምጡ። የእውነት ሳህን፤ እኔ ቤት ሁለት የቆርቆሮ ሳህኖች ለዚህ ብቻ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ሳህን ላይ ያንቺን 40 አድርጊ። ከአጎትሽ ልጅ ክምር 40 ቁጠሪና ጨምሪበት። ከሦስተኛውም 40። ሳህኑ 120 ሆነ። ይህ የሦስታችሁም ሳህን ነው። አሁን ከሁለቱ ወንዶች የቀረውን እይ፤ 110 እና 110። ያንን ሁለተኛው ሳህን ላይ አድርጊው። 220 ሆነ። እዚያ ውስጥ ያንቺ አንዲት ቆርኪ የለችም። ያላስቀመጥሽበትን ሳህን ልታሸንፊ አትችይም።

ካርታ ሲገለጥ መጀመሪያ ሁለቱ ይወዳደሩ። ከሁለቱ የበለጠው 220ውን ይውሰድ። ከዚያ አንቺ ካርታሽን ግለጪ። ከሁሉም ስለበለጥሽ 120ውን ትወስጃለሽ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ማንም ግራ አይጋባም።

የአጎትሽ ልጅ 80 ያለው ትርፍሽን ብቻ ቆጥሮ ነው። ያንቺን 40 ረስቷል። ክፋት አይመስለኝም፤ ተማሪዎቼም ትርፍንና ጠቅላላውን እንዲሁ ያደባልቃሉ።

የሦስተኛው ሐሳብ ግን ጨዋታውን ያበላሻል። ዙር ከተጀመረ በኋላ ሰው የሚጫወተው ፊቱ ባለው ብቻ ነው። ከቦርሳ መጨመር የለም፤ ካለው ላይ ቀንሶ ኪስ መክተትም የለም። ይህ ባይኖር ሁሌ የሚያሸንፈው ባለ ትልቅ ቦርሳው ይሆን ነበር። ቤተሰብ ጨዋታ ላይ ይህን መፍቀድ የለብንም። ቆርኪ ማከል የሚቻለው በዙርና በዙር መሐል ነው።

*

«ሐይቅ ዳር ሠፈር ነን። ዙሩ መሐል ላይ ደርሶ መብራት ጠፋ። ሻማ እስኪመጣ የአንዱ ካርታ ከተጣሉት ጋር ተቀላቀለ። ‹የኔ ሁለት አስ ነበር› ይላል። እንመነው?»

ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ካርታው ግን ሞቷል። ከተጣለው ውስጥ ፈልጎ ማውጣት አይቻልም፤ ሁለት አስ ብታገኙ እንኳ የእሱ ለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም። ዙሩ ለሌሎቹ ይቀጥላል። የሁሉም ካርታ ተደባልቆ ከሆነ ግን ሁሉም በዚያ ዙር ያስቀመጠውን ይመልስና እንደገና ይታደል።

ካርታን መጠበቅ የባለቤቱ ነው። እኛ መብራት ሲጠፋ ሁሉም መዳፉን ካርታው ላይ ያሳርፋል፤ መሐል ያለውን የሚያድለው ሰው ይሸፍናል። ሳይጠፋም አንድ ቆርኪ ካርታችሁ ላይ ጣል አድርጉ። የስልክ ባትሪ ሲበራ ወደ ጣሪያ ይሁን፤ ወደ ሰው እጅ ከሆነ ካርታ ያሳያል።

*

የመጨረሻው ደብዳቤ ጸሐፊው ሰፈሩን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል።

«ቲቸር፣ የባለቤቴ አባት 68 ዓመታቸው ነው። ፖከር ያስተማርናቸው ዘንድሮ ነው፤ በጣም ወደዱት። ባለፈው እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። መሐል ላይ 2፣ 4፣ 5፣ 9 እና ኬ ነበሩ። እኔ ኬ እና ኪው ይዣለሁ። ጋሼ አስና 3 ገልጠው አስቀመጡና ‹እኔስ አስ ብቻ ነው ያለኝ፣ ውሰደው ልጄ› አሉ። ቆርኪውን እየሰበሰብኩ ሳለ ገባኝ። አስ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5። ስትሬት ነው፤ አምስት ተከታታይ ቁጥር። ማንም አላስተዋለም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ቆርኪያቸው በዚያ ዙር ስላለቀ በማግስቱ ቡና የጋበዙን እሳቸው ናቸው። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሕጉ ምን ይላል?»

መጀመሪያ ሕጉን ልንገርህ።

ቀደም ብዬ ከአፍ የወጣ አፋፍ ብያለሁ። ያ ግን ለጨዋታው ተራ ነው፤ ለማየትና ለመጨመር። ካርታ ተገልጦ ከተቀመጠ በኋላ አፍ ሥልጣን የለውም። የሚናገረው ካርታው ነው። ጋሼ «አስ ብቻ ነው ያለኝ» ቢሉም ስትሬት ነበራቸው፤ አሸናፊው እሳቸው ነበሩ። ይህን ያየ ማንኛውም ሰው፣ ተጫዋችም ይሁን ቡና አፍሊ፣ ያኔውኑ መናገር ነበረበት። ዙሩ ገና እየተጫወቱት ሳለ ማንም ለማንም ምክር አይሰጥም፤ ካርታ ከተገለጠ በኋላ ግን ዝም ማለት ትክክል አይደለም። ጋሼ ሳይገልጡ ገልብጠው ከተጣለው ጋር ቀላቅለውት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ክርክር የሚነሳበት ጊዜም ገደብ አለው። ለቀጣዩ ዙር ካርታ መበወዝ ከተጀመረ ያለፈው ተዘግቷል። ስለዚህ ቆርኪው ባንተ ዘንድ ይቀራል። በሕጉ በኩል ማንም አይጠይቅህም።

አንተ ግን እንቅልፍ ያጣኸው በሕጉ አይደለም። ይገባኛል። እኔም የታናሽ እህቴን ፍላሽ አይቼ ዝም ብያለሁ። አራቱ ልብ መሐል ላይ ነበሩ፤ አምስተኛው በእጇ ነበር፤ እሷ ግን ጥንዷን ብቻ አይታ ነበር። የነገርኳት ሐሙስ ዕለት ነው፤ ስልክ ደውዬ። ስለ ቆርኪው ምንም አላለችም። አምስቱን ካርታ አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። «ሰባቱ ልብ የቱ ጋ ነበር?» እያለች። ካርታውን ማየት ነበር የፈለገችው። ጥሩ ካርታ ይዛ እንደነበር ማወቅ ነበር የፈለገችው። ያንን ነበር የነሳኋት።

ጋሼም ይህ ይገባቸዋል። አዲስ የተማሩ ሰው ናቸው። አስ ከኬ በላይ እንደሚቆም ነግራችኋቸዋል፤ ከ2 በታችም እንደሚቆም ግን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል፤ የአስተማሪዎቹ ነው።

እሑድ ስትሄድ ካርታውን ይዘህ ሂድ። ሰው ሳይበዛ ቁጭ በሉ። 2፣ 4፣ 5፣ 9 እና ኬን ጠረጴዛው ላይ ደርድር። አስና 3ን በእጃቸው ስጣቸው። «ጋሼ፣ አስ እንደ 1ም ይቆጠራል፤ እስቲ ደግመው ይዩት» በላቸው። ከዚያ ዝም በል፤ ራሳቸው ያግኙት። ጊዜ ቢወስድባቸውም አታቋርጣቸው። ሲያገኙት ያንን ማታ አይተህ እንደነበር፣ አፍረህም ዝም እንዳልክ ንገራቸው። የዚያን ቀን ቡናውን አንተ ጋብዝ።